ስለ ስታንድ አፕና ስለ ቴሌቪዥን ኮሜዲ ጽሑፍ ለጠየቃችሁኝ

ብዙ ዓመት መድረክ ላይ ቀልድ አቅርቤያለሁ፤ ለቴሌቪዥን ኮሜዲም ጽፌያለሁ። ከጥያቄዎቻችሁ የተወሰኑትን ልመልስ።

ጓደኞቼ ሁሌ ይስቁልኛል። መድረክ ላይስ ይሳካልኛል?

ጓደኞችህ ያውቁሃል፤ ገና አፍህን ሳትከፍት የቀልዱ ግማሽ እነሱ ጋ አለ። የማያውቅህ ሰው ግን መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ማወቅ ይፈልጋል። ቢሆንም ውጣ። አምስት ደቂቃ አዘጋጅና ያንኑ ደጋግመህ አቅርብ። ድምፅህን ቅዳው፤ ቤት ስትገባ ስማው። ሳቁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንተ ካሰብክበት ቦታ አይደለም።

ቀልድ ሲጻፍ ዋናው ነገር ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የሚያስቀው ቃል መጨረሻ ላይ ይምጣ። ከሱ በኋላ ሌላ ቃል ካለ ሳቁን ይሸፍነዋል። ለእኛ ደግሞ ይህ ከባድ ነው፤ በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ነውና። «ውሻዬን ሐኪም ጋ ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ነከሰኝ» ብትል ሰው ፈገግ ይላል። «ውሻዬን ሐኪም ጋ ወሰድኩት፤ ነከሰኝ። ሐኪሙ።» በልና ልዩነቱን እየው። መሃል ያለችው ዝምታ ናት ሥራውን የምትሠራው። ሰው ውሻውን እያሰበ ነበር። እኔ ለአንዲት ቃል ቦታ ፍለጋ ሳምንት የፈጀሁበት ጊዜ አለ፤ አይቆጨኝም።

ሰው ካልሳቀስ?

ወደ ቀጣዩ እለፍ። ቀልዱን አታብራራ፤ በታዳሚው ላይም አትቆጣ። ሦስት የተለያየ ታዳሚ ዝም ካለህ ጥፋቱ የቀልዱ ነው።

ለቴሌቪዥን መጻፍ በምን ይለያል?

መድረክ ላይ ቀልዱ ያንተ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የገጸ ባሕሪው ነው። ብዙ ሆናችሁ ጠረጴዛ ከባችሁ ትጽፋላችሁ፤ ያንተን ሌላው ያርመዋል። የግማሽ ሰዓት ሲትኮም (እነዚያው ገጸ ባሕርያት በየክፍሉ የሚመለሱበት አስቂኝ ተከታታይ) ማስታወቂያው ሲወጣለት ብዙ ጊዜ 22 ደቂቃ ገደማ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ታሪኩን የማይገፋ ቀልድ፣ ቢያስቅም፣ ይወጣል። ያማል፤ ግን ልክ ነው።

መድረክ እፈራለሁ። መጻፍ ብቻ አይበቃኝም?

ይበቃሻል እህቴ። ጎበዝ ጸሐፊ ሆነው ማይክ ጨብጠው የማያውቁ ሞልተዋል። አሜሪካዊው የቴሌቪዥን አቅራቢ ኮናን ኦብራይንም እ.ኤ.አ. በ1993 የራሱን የሌሊት ሾው ከመያዙ በፊት ብዙ ተመልካች የማያውቀው ጸሐፊ ነበር። ብቻ የጻፍሽውን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ምላስ ላይ የሚከብድ ዓረፍተ ነገር ተዋናዩንም ይከብደዋል።

ያስገባሁት ሁሉ ውድቅ ሆነ። ልተወው?

ስለ አሜሪካዊው የኮሜዲ ጸሐፊ ላሪ ዴቪድ ልንገርህ። ስታንድ አፕ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፕሮግራም በጸሐፊነት ቀጠረው፤ አንድ ዓመት ሠርቶ ከጻፋቸው ስኬቾች (አጫጭር አስቂኝ ትዕይንቶች) አብዛኞቹ አየር ላይ ሳይውሉ ቀሩ። አንድ ቀን በንዴት ሥራውን ጥሎ ወጣ። ከዚያ ተጸጸተ። ሰኞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። በ1989 ከኮሜዲያኑ ጄሪ ሳይንፌልድ ጋር «ሳይንፌልድ» የተባለ ሲትኮም ጀመረ፤ በ1998 ሲያበቃ 180 ክፍል ደርሶ ነበር። ከነዚያ ክፍሎች በአንዱ አንድ ሰው በንዴት ሥራውን ይለቅና ሰኞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይገባል።