ቅርጾችን ስናዋህድ ጥቃቅኑ ዝርዝር እንዳይጠፋ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስለ ቬክተር ሥራ (በመስመርና በኩርባ ስለሚሠራ የኮምፒውተር ሥዕል)፣ በተለይ ቅርጾች ሲዋሃዱ ስለሚበላሸው ነገር የፈለጋችሁትን ጠይቁ። እኔ አብዝቼ የምሠራው በኢንክስኬፕ ነው፣ ነጻ የቬክተር ሥዕል ፕሮግራም ነው። የአዶቢ ፕሮግራም የሆነው የኢሉስትሬተር ጥያቄም እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ኢንክስኬፕ ላይ ትናንሽ የቅጠል ጌጦች ሠርቼ ዩኒየን (ቅርጾችን አንድ የሚያደርገው ትእዛዝ) ስላቸው ሹል የነበረው ጫፍ ይደነዝዛል፣ ኩርባውም ይጣመማል። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም። ዩኒየን ቅርጾቹን ዝም ብሎ አያጣብቅም። መስመሮቹ የት እንደሚቆራረጡ ያሰላል፣ ከዚያ አዲስ ፓዝ (የቅርጹን መስመር) ይሠራል። ኢንክስኬፕ ለረጅም ጊዜ በተጠቀመበት ስሌት ኩርባዎቹ መጀመሪያ ወደ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይሸነሸናሉ፣ በኋላ ተመልሰው ኩርባ ይሆናሉ። በዚህ መሃል ትንሽ መዛነፍ አለ። ሥዕሉ ትልቅ ከሆነ መዛነፉ ለዓይን አይታይም። ጌጡ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ግን መዛነፉ ከዝርዝሩ ጋር ይፎካከራል።

ስለዚህ መጀመሪያ አሳድግ። ሁሉንም ምረጥና ትራንስፎርም መስኮት ውስጥ፣ ስኬል ላይ 1000 በመቶ ጻፍ። ዩኒየን አድርግ። ከዚያ 10 በመቶ ብለህ ወደ ነበረበት መልሰው። አሁንም ከተዛባ 100 እጥፍ ሞክር። በማውስ እየጎተትክ ግን አታሳድግ፤ ስትመልሰው ልኩ አይገጥምልህም።

ጥያቄ፦ ዙም አድርጌ ብሠራስ?

መልስ፦ ዋጋ የለውም። ዙም የሚቀይረው አንተ የምታየውን ነው፣ የቅርጹ ልክ ያው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አሳድጌ ሞከርኩ። ግን ወፍራም የነበሩት መስመሮቼ ቀጫጭን ሆኑብኝ፣ ዩኒየኑም ውፍረታቸውን አልቆጠረውም።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው እህቴ። የመጀመሪያው የቅንብር ጉዳይ ነው። ዕቃው ሲያድግ የስትሮኩ (የዳር መስመሩ) ውፍረት አብሮ እንዲያድግ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን አብሪው። ሁለተኛው፣ ዩኒየን የሚያየው ፓዙን ብቻ ነው፣ የስትሮክ ውፍረት ለሱ ቅብ ነው። ውፍረቱ የቅርጹ አካል እንዲሆን ከፈለግሽ ቀድመሽ ስትሮክ ቱ ፓዝ (ስትሮኩን ወደ ፓዝ የሚቀይረው ትእዛዝ) በይው። እሱም ራሱ በግምት የሚሠራ ስለሆነ ከማሳደግ በኋላ ይሁን።

ጥያቄ፦ ኮምባይንና ዩኒየን ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ብዙ ሰው ዩኒየን የሚለው ኮምባይን በቂው ሆኖ ሳለ ነው። ኮምባይን ምንም አያሰላም። ፓዞቹን በአንድ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጣል እንጂ አንድም ኖድ (የፓዝ ነጥብ) አይነካም፤ ስለዚህ ዝርዝር አይጠፋም። ኮንትሮልና ኬ ነው። የማይነካኩ ቅርጾች ከሆኑ፣ ለምሳሌ የተበታተኑ ነጠብጣቦች፣ ዩኒየን ድርሻቸው አይደለም።

የሚያስቸግረው ሲደራረቡ ነው። የተደራረበው ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ያኔ ፊል ኤንድ ስትሮክ መስኮት ውስጥ የአሞላል ደንቡን ቀይር። ለሌዘር ወይም ለስቲከር መቁረጫ ማሽን ከሆነ ግን ይሄ ማታለያ አይሠራም። ማሽኑ የውስጡን መስመር ሁሉ ይቆርጠዋል። እዚያ ዩኒየን ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ኢሉስትሬተር ላይስ?

መልስ፦ የፓዝፋይንደር (የቅርጽ ማዋሃጃው መስኮት) ሜኑ ውስጥ ኦፕሽንስ ክፈት። ፕሪሲዥን የሚል ሳጥን አለ፤ ሲመጣ 0.028 ፖይንት ነው። ቁጥሩን ስታሳንሰው ስሌቱ ይበልጥ ትክክል ይሆናል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። ሌላው የምወደው መንገድ አልት ተጭኖ ዩናይትን (የኢሉስትሬተሩን ዩኒየን) መንካት ነው፣ ማክ ላይ ኦፕሽን። ዋናዎቹ ቅርጾች ሳይጠፉ ውስጥ ይቆያሉ፤ ኤክስፓንድ እስክትል ድረስ ማስተካከል ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ካዋሃድኩ በኋላ ቀለሙ ለምን ይቀየራል?

መልስ፦ ኢንክስኬፕ ከሥር ያለውን ዕቃ ቀለም ይይዛል፣ ኢሉስትሬተር ከላይ ያለውን።

ጥያቄ፦ ኖዶቹ በዙብኝ። ሲምፕሊፋይ (ኖድ የሚቀንሰው ትእዛዝ) ላድርገው?

መልስ፦ ለእንዲህ ያለ ሥራ አልመክርም። ሲምፕሊፋይ የትኛው ጫፍ ለአንቺ እንደሚያስፈልግ አያውቅም፣ ያገኘውን ያለሰልሳል። በላይ በላዩ ቶሎ ቶሎ ከተጫንሽው ደግሞ እየጠነከረ ይሄዳል። ትርፉን ኖድ በእጅሽ እየመረጥሽ ሰርዢ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ ውስጥ ንጹህ ነው፣ ኤስቪጂ (የቬክተር ፋይል ዓይነት) አድርጌ ሳወጣው ግን ይዛባል።

መልስ፦ ኦፕቲማይዝድ ኤስቪጂ ብለህ አውጥተህ ይሆናል። ፋይሉ እንዲቀል የቁጥሮቹን አሃዝ ይቆርጣል። ሲያስቀምጥ የሚጠይቅህን የአሃዝ ብዛት ከፍ አድርግ፣ ካልሆነም ፕሌይን ኤስቪጂ ምረጥ።