አስማተኛ ወይስ ምትሐተኛ? የመድረክ ሰው «ስታይል» በአማርኛ

ጥያቄ፦ «ለአጫጭር ቪዲዮዎች የአማርኛ መግለጫ እጽፋለሁ። በቅርቡ የካርታ ትርኢት ስለሚያሳየው አርጀንቲናዊ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ‹አንድ እጅ ብቻ ያለው አስማተኛ ሬኔ ላቫንድ በእጁ ፍጥነት ተመልካቹን ያታልላል። የራሱ የሆነ ስልት አለው።› ጓደኛዬ አንብቦ ‹ሰውየውን ደብተራ አስመሰልሽው› አለኝ። እኔን ግን ይበልጥ የከነከነኝ ‹ስልት› የሚለው ነው። ማለት የፈለግኩት ‹ስታይል› ነበር። ምን ብል ይሻላል?»

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። እርስዎንም የከነከነዎት በከንቱ አይደለም። እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶ ብይዝ መጀመሪያ የማሰምረው «በእጁ ፍጥነት» የሚለው ላይ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ከ«አስማተኛ» እንጀምር፤ ቶሎ ያልቃል። አስማት በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ የስም ብዙ ቁጥር። ኃይሉ በሚጠሩት ስሞች ውስጥ ነው ተብሎ ይታመናል። ለዚህ ነው አስማት «ይደገማል» የምንለው፤ ዳዊት እንደሚደገመው ማለት ነው። ምትሐት የዓይን ነገር ነው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በባሕር ላይ ሲሄድ ባዩት ጊዜ «ምትሐት ነው ብለው ታወኩ» ይላል። አስማት ይደገማል፤ ምትሐት ይታያል። ቲኬት ቆርጠን ገብተን የምናየው ሁለተኛውን ስለሆነ ሰውየው ምትሐተኛ ነው። በጨዋታ መካከል «ማጂሺያን» ቢሉትም ማንም አይቀየምዎትም፤ የከተማ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው።

መቼም «አስማተኛ» ጭራሽ ይጣል አልልም። ሮቤር ኡደን የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ሙያው ሰዓት ሠሪነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1845 ፓሪስ ውስጥ የራሱን የምትሐት ቲያትር ከፈተ። የመድረክ ምትሐተኛ ማለት የአስማተኛን ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ተዋናይ ነው ይል ነበር። እንግዲህ በእሱ አባባል ከሄድን ሰውየው ምትሐተኛ፣ የሚጫወተው ሰው ደግሞ አስማተኛ ይሆናል። አማርኛ ለሁለቱ ሁለት ቃል ስላለው እንጠቀምበት።

«ያታልላል» የሚለውን እኔ አወጣው ነበር። ማታለል ተጎጂ ይፈልጋል። መንገድ ዳር ሦስት ካርታ እያገለባበጠ «ቀይዋን ያየ!» የሚለው ሰው ያታልላል፤ ገንዘብዎን ይዞ ይሄዳላ! የምትሐት ተመልካች ግን እንደሚሸወድ አውቆ፣ ከፍሎ ነው የገባው። «ሸወደኝ» ቢል እንኳ እየሳቀ ነው የሚለው፤ ስለዚህ «ይሸውዳል» ቀለል ባለ ጽሑፍ ውስጥ ያስኬዳል። ጠንቀቅ ማለት ከፈለጉ «ያስደምማል» ወይም «አፍ ያስከፍታል» ይበሉ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ስልት የአሠራር መንገድ ነው። የጦር ስልት፣ የአጨዋወት ስልት፣ የአስተራረስ ስልት እንላለን። ስልት ይጠናል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የምትሐት ባለሙያዎች ካርታ የሚደብቁበት፣ የሚቀይሩበት መንገድ ስልት ነው፤ ዘዴ ቢሉትም ያው ነው። እርስዎ ሊሉ የፈለጉት ሌላ ነገር ነው፤ ከሰውየው ተነጥሎ የማይሄደውን። ትዝታን ያልዘፈነ ዘፋኝ አለ ወይ? ዜማው የሁሉም ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለድምፃዊው ነው። ላቫንድ የታወቀበት ትርኢትም «ዘይትና ውሃ» የሚባል ነው፤ ብዙ የካርታ ምትሐተኞች ይሠሩታል። ቀይና ጥቁር ካርታ ይቀላቀላል፤ ሲገለጥ ግን ዘይትና ውሃ ይመስል ተለያይቶ ይገኛል።

የላቫንድን ልዩ የሚያደርገው አሠራሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ቦነስ አይረስ ተወለደ፤ በ2015 አረፈ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ መኪና ገጭቶት ቀኝ እጁን አጣ። የካርታ መጻሕፍት የተጻፉት ሁለት እጅ ላለው ሰው ስለሆነ ለግራ እጁ የሚሆን ዘዴ ራሱ መፍጠር ነበረበት። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ካርታ አለ፤ ሦስት ቀይ፣ ሦስት ጥቁር። አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር እያለ በአንድ እጁ ይደረድራል። ይገልጣል፤ ቀዮቹ ለብቻ፣ ጥቁሮቹ ለብቻ ሆነዋል። እንደገና ይደረድራል፤ አሁን ዝግ ብሎ። እንደገና፤ ይበልጥ ዝግ ብሎ። እየደጋገመ የሚላት ነገር አለችው፦ «ከዚህ በላይ ቀስ ማለት አይቻልም... ወይስ ይቻል ይሆን?»

«በእጁ ፍጥነት» ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳሁት ለዚህ ነው። በስፓኒሽ የምትሐት ሙያ «ፕሬስቲዲሂታሲዮን» ይባላል፤ «ፈጣን» እና «ጣት» ከሚሉ ቃላት የተገጠመ ስም ነው። ላቫንድ የራሱን ሥራ «ሌንቲዲሂታሲዮን» ብሎ ጠራው፤ ጣተ ፈጣንነትን ገልብጦ ጣተ ዝግታ እንደማለት። ዕድሜውን ሙሉ በዝግታ የኮራን ሰው በፍጥነቱ ማሞገስ ትልቅ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ መግለጫ በሌሎችም ቦታ አይቻለሁ፤ «ምትሐተኛ» የሚለው ቃል «ፈጣን እጅ»ን ይዞ ይመጣልና ብዕር ሳያስበው ይጽፈዋል።

ለእሱ የሚስማማው ቃል ለዛ ይመስለኛል። ለዛ ከንግግር ጋር የተወዳጀ ቃል ነው፤ «ወጉ ለዛ አለው» እንላለን። ላቫንድም ካርታውን የሚያሳየው ተረት እየነገረ፣ ግጥም እየጠቀሰ ነው። ለሁሉም ምትሐተኛ ግን አይሆንም። መድረክ ላይ ለማይናገር ሰው ለዛ ማለት ይከብደኛል፤ እዚያ ጋ አኳኋን ወይም አቀራረብ ይሻላል። «ዘይቤ»ም ስሕተት አይደለም፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ከዘይቤያዊ አነጋገር ጋር ተጣብቆብን ነው እንጂ። «የራሱ ቀለም አለው» ጥሩ ነበር፤ ጋዜጠኞች ጨረሱት።

ሆኖም አንድ ምክር ከሰጠሁዎት ይህን ነው፦ ስታይሉን በስም ከመፈለግ በግስ ያሳዩት። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። ገበሬው ዝናብ ሲፈልግ «ዘነበልን» ይላል፤ ልብስ ያሰጣው ሰው «ዘነበብን» ይላል። ዝናቡ ያው ነው። ይህቺን «ለ» እና «በ» ወደ ምትሐት ይውሰዷት። ተራው ምትሐተኛ ካርታ ያወጣል። ካርዲኒ ግን ካርታ ይወጣበታል። ካርዲኒ (1895–1973) የዌልስ ሰው ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ሪቻርድ ፒችፎርድ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሳለ ምሽግ ውስጥ ካርታ ይለማመድ ነበር፤ በብርዱ ምክንያት ጓንት እንዳጠለቀ። በኋላ መድረክ ላይም ነጭ ጓንት ሳያወልቅ ይሠራ ጀመር። የሚጫወተው ሞቅ ያለውን ጨዋ ሰው ነው፤ ሱፍ ለብሷል፣ ባርኔጣ ደፍቷል፣ አንድ ዓይኑ ላይ መነጽር ሰክቷል። ካርታ እጁ ላይ ይመጣበታል። ይጥለዋል፤ ሌላ ይተካበታል። ሲጃራ ይጥላል፤ የተለኮሰ ሲጃራ ይመጣበታል። ከእኛ እኩል እሱም ግራ ይገባዋል። የካርዲኒ ስታይል ምን ነበር ብለው ቢጠይቁኝ «በ» ናት እላለሁ።

ዌልስ የተወለደው ቶሚ ኩፐርም የዚሁ ወገን ነው። «ፌዝ» የሚባለውን ቀይ ቆቡን ደፍቶ ይወጣና ትርኢቱ ይከሽፍበታል፤ አስቦበት ነው የሚያከሽፈው።

ወደ ላቫንድ ስንመለስ ግሱ ሌላ ነው። ካርታዎቹን «ይለያቸዋል» ካሉ ሥራውን ያበላሹበታል። ካርታዎቹ ይለያያሉ፤ እሱ ያያል፣ እኛም እናያለን። እንግዲህ እኔ እርስዎን ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር፦

«ምትሐተኛው ሬኔ ላቫንድ ያለው ግራ እጁ ብቻ ነው። ቀይና ጥቁር ካርታ እያፈራረቀ ይደረድራል፤ ካርታዎቹ ግን ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይሰባሰባሉ። ‹ከዚህ በላይ ቀስ ማለት አይቻልም› ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ይበልጥ ዝግ ይላል። ለዛው ልዩ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቢተዉአትም አልከፋም።

ስለ አጻጻፉ፦ ምትሐት በ«ሐ» መጻፉ የግዕዙን ሥር ይከተላል። በ«ሃ» የሚጽፈው ግን ብዙ ነው፤ በዚህ ምክንያት የሚነቅፍዎት ቢኖር ብዙም አይስሙት። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን አያቀላቅሉ እንጂ።