ሬጄክሱን ከመንቀላችሁ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ፍሪቢኤስዲን (ነፃውን፣ ዩኒክስ መሰሉን ኦፐሬቲንግ ሲስተም) መነሻ አድርጋችሁ የራሳችሁን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራችሁ ነው። የሬጄክስ ላይብረሪው (ጽሑፍ ውስጥ በንድፍ የሚፈልገው ኮድ) አርጅቷል፣ ይዘገያል፤ በአርኢ2፣ በጉግሉ የሬጄክስ ላይብረሪ፣ ብንተካውስ ነው ያልከው። ሰዉ ሁሉ የመለሰልህ ስለ ፍጥነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ድሮ አንድ ነገር ይሰጥ የነበረ ስክሪፕት፣ ምንም ሳይል ሌላ ነገር መስጠት ሲጀምር።

ማርጀቱ እውነት ነው። የሄንሪ ስፔንሰር ኮድ ነው፣ ከ4.4ቢኤስዲ ዘመን ጀምሮ የመጣ። አርኢ2 ግን በሲ ፕላስ ፕላስ ስለተጻፈ ሊብሲ (የሲስተሙ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ውስጥ መክተቱ ራሱ ጣጣ ነው። ባክሪፈረንስም (ቀድሞ የተገጠመውን ቁራጭ መልሶ መጥራት) የለውም። ፖዚክስ (የዩኒክስ ዓይነት ሲስተሞች ስታንዳርድ) ደግሞ በቤዚክ ሬጄክስ (በቀድሞው የሬጄክስ አጻጻፍ) ላይ ይጠይቀዋል፤ ባክሪፈረንስ የሚጠቀም የሴድ (የጽሑፍ ማረሚያው ትእዛዝ) ስክሪፕት ሁሉ ይወድቃል። ይህ እንኳ ደህና ነው፣ ሲወድቅ ስለሚጮህ። የማይጮኸውን እይ፦ «ሰው|ሰውነት» (መስመሯ «ወይም» ማለት ናት) ብለህ «ሰውነት» ላይ ፈልግ። ፖዚክስ ረጅሙን ስለሚመርጥ ሙሉውን ይይዛል። የፐርል (የፕሮግራም ቋንቋው) ዓይነቱ መጀመሪያ የተጻፈውን ይዞ «ነት»ን ይጥልልሃል። አርኢ2 ረጅሙን እንዲመርጥ የሚያደርግ ኦፕሽን አለው፤ ማብራቱን ከረሳህ ግን ማንም አያስታውስህም።

እኔን ያቃጠለኝ አዳማ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ላለች ትንሽ ቢሮ የደንበኞች ስም መፈለጊያ ሠርተን ነበር። ማሽኗ ደካማ ናት፣ ስለዚህ ላይብረሪውን በቲአርኢ፣ በሌላ የሬጄክስ ላይብረሪ፣ ተካሁት። ቦታ ልቆጥብ ብዬ የባለብዙ ባይት ድጋፉን (አንድ ፊደል በብዙ ባይት ሲጻፍ የሚያነብበትን) ኮምፓይል ሳደርግ አጠፋሁት። ማንም አላዘዘኝም፣ የራሴ ብልጠት ነው። ፈተናው በሙሉ አለፈ። ፈተናው እንግሊዝኛ ነበራ!

ሰኞ ጠዋት የቢሮዋ ጸሐፊ ደወለች። «በሀ የሚጀምሩትን አውጣ ስለው ከአበበ እስከ ዘነበ ሁሉንም ያወጣል» አለችኝ። የጻፍኩት ይህን ነበር (^ የመስመር መጀመሪያ ነው፣ ቅንፉ ደግሞ ከውስጡ ካሉት አንዱ ፊደል)፦

^[ሀሃሐሓኀኃ]

ሰው ስሙን ኃይሉም ሐይሉም ብሎ ስለሚጽፍ ነው ሁሉንም የደረደርኩት። በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጥበት ኮድ) ግን እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያዋም ባይት ለሀም ለአም ለዘም አንድ ናት። ባይት ብቻ የሚያይ ላይብረሪ ቅንፉን የባይቶች ክምር አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ በአማርኛ የሚጀምር መስመር ሁሉ ገጠመለት። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ግማሽ ቀን ዳታቤዙን ስወነጅል ዋልኩ።

ስለዚህ የእኔ ምክር፦ የሊብሲውን ለጊዜው አትንኩት፤ አዲሱን ጎኑ አስቀምጡና መጀመሪያ ግሬፕን (ከፋይል መስመር ፈላጊውን ትእዛዝ) ብቻ ከሱ ጋር አገናኙ። ፍሪቢኤስዲዎቹም የጂኤንዩ (የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክቱ) ሬጄክስ ተጨማሪዎችን ያስገቡት ሊብሬጄክስ የሚባል ለብቻው አውጥተው ነው። አንድ ጥሩ ነገርም አድርገዋል። ድሮ ባክስላሽ ኤስ ብትጽፍ ዝም ብሎ ኤስ የምትባለውን ፊደል ይፈልግልህ ነበር። ከፍሪቢኤስዲ 13.0 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ወደድኩት። የእናንተም እንዲሁ ይጩህ።

ፈተናችሁ ውስጥ ደግሞ አማርኛ ጨምሩ፣ «አዳማ» በሦስት ነጥብ (አንዷ ነጥብ ማንኛውንም አንድ ፊደል ትገጥማለች) መገጠሟን ከማየት ጀምራችሁ። ከፈለግክ የኔን የፈተና ፋይል፣ ስሞቹን ቀያይሬ፣ ማታ እዚሁ እለጥፍልሃለሁ።