ቀይ አፈር፣ ኖራና የአፈር ውስጥ ሕይወት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የአዲስ አበባ ዙሪያ አራሾች ናቸው። መልስ ሰጪው አንድ የአፈር ለምነት ባለሙያ ነው።

ከሆለታ፦ ቀይ አፈር ላይ ገብስ እዘራለሁ። ማዳበሪያ በየዓመቱ ብጨምርም ምርቱ እየቀነሰ ነው። መፍትሔው ኖራ ነው?

ሳይሆን አይቀርም፤ ኖራ የአፈሩን አሲድ ያረግባል። ግን መጀመሪያ አፈሩን ያስመርምሩ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዛል። ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል፣ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች አይወርድም። ፎስፈረሱን ደግሞ አሉሚኒየሙና ብረቱ ይይዙታል። የገዙት ኤንፒኤስ፣ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ፣ መሬቱ ውስጥ አለ፣ ገብሱ ግን አያገኘውም። ዩሪያም አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይጨምራል።

ናሙና ሲወስዱ ማሳውን በዚግዛግ እየሄዱ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፍሩ። ከብት ያደረበትን፣ የፍግ ክምር የነበረበትንና የባሕር ዛፍ ጥግ ይዝለሉ። በንጹሕ ባልዲ ያደባልቁና አንድ ኪሎ ያህሉን ወደ ላብራቶሪ ይላኩ። ከፒኤች ጋር ተለዋዋጭ አሲዱንም (ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ የሚለቀቀውን አሲድ) እንዲለኩልዎ ይጠይቁ፤ የኖራው መጠን የሚሰላው በእሱ ነው።

እሺ፣ ለአንድ ጥማድ ስንት ኩንታል?

የተለዋዋጭ አሲዱ ውጤት 1.5 ሴንቲሞል በኪሎ (ላብራቶሪው የሚጽፍበት መለኪያ) ቢሆን እንዲህ ይሰላል፦ 1.5 × 0.15 ሜትር ጥልቀት × 10,000 ካሬ ሜትር × 1.2 (የአፈሩ እፍጋት) × 1,000 ÷ 2,000 = 1,350 ኪሎ በሄክታር። ማሳ ላይ ኖራው ሙሉ በሙሉ ስለማይሠራ በ1.5 ይባዛል፤ 2,025 ኪሎ ይመጣል። ጥማድን ሩብ ሄክታር ብለን ብንይዝ አምስት ኩንታል ገደማ ነው። እኩል ለመበተን ማሳውን 10 በ10 ሜትር እየከፈሉ በእያንዳንዱ 20 ኪሎ ያድርጉ። የጎረቤትን መጠን አይቅዱ፤ በአንድ አጥር የሚለያዩ ሁለት ማሳዎች እንኳ እጥፍ ሊበላለጡ ይችላሉ።

ከሰበታ፦ ኖራ ቆዳ ያቃጥላል። አፈር ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያንስ አይፈጅም?

ቆዳ የሚያቃጥለው በእሳት የተቃጠለው የግንባታ ኖራ ነው። ለእርሻ የሚመከረው ተፈጭቶ ብቻ የቀረበ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝግ ብሎ ይሠራል፣ ረቂቅ ተሕዋስያንንም አያቃጥልም።

እንዲያውም የሚቸገሩት አሲድ ውስጥ ነው። ፈንገሶች አሲድን ይችላሉ። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግን፣ በተለይ አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት፣ ይዳከማሉ። ፒኤቹ ወደ 6 ሲጠጋ ባክቴሪያው ይበዛል፣ ገለባና ፍግ ቶሎ ይበሰብሳል፣ የምድር ትልም ይመለሳል።

ለውጡን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ባቄላ ይዝሩ። ሲያብብ አንዱን በአካፋ ቀስ ብለው ያንሡና ሥሩ ላይ ያሉትን ጉብጉቦች ይሰንጥቁ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ራይዞቢየሙ፣ ጉብጉቡ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ፣ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ እያደረገ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ጭራሹን ጉብጉብ ከሌለ፣ ሥራ የለም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ተሕዋስያኑ ሲነቁ ይበላሉ፤ የሚበሉት ደግሞ የአፈሩን ብስባሽ ነው። ኖራ ጨምሮ ገለባውን ሁሉ ለከብት፣ ኩበቱን ሁሉ ለማገዶ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ዓመት ጥሩ ያመርትና አፈሩን አራቁቶ ያገኘዋል። ኖራ ባደረጉበት ማሳ ኮምፖስት ወይም ፍግ የግድ ነው። ናይትሬቱም በክረምት ዝናብ ስለሚታጠብ ዩሪያውን በሁለት ጊዜ ይስጡ።

ለባቄላው ባዮ ማዳበሪያ፣ ያ ባክቴሪያ ያለበት፣ አለኝ። ከኖራው ጋር ላደባልቀው?

አይሆንም። ኖራው ቀድሞ ይግባ። ዘሩን ጥላ ሥር በባዮ ማዳበሪያው ያሹና በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ይዝሩ። ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ኖራን ከዩሪያ ወይም ከዳፕ ማዳበሪያ ጋርም አያደባልቁ፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል።

ከሱሉልታ፦ አምና ኖራ በተንኩ፣ ምንም ለውጥ አላየሁም። ዘንድሮ ድንች ልተክልበት ነው።

ለውጥ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው። ኖራው ሻካራ ከሆነ አይሟሟም፤ በዱቄት ወንፊት የማያልፈው ክፍል ለዓመታት ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል። ላይ ላዩን ከቀረም ወደ ታች አይወርድም፤ በማረሻ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን አግድም፣ አርሰው ከ15 ሴንቲ ሜትር ጋር ያዋሕዱት። ከዘሩ ጋር በሰኔ ከተበተነም ጊዜ ያጥረዋል። በበልጉ ዝናብ፣ ከመዝራት አንድ ሁለት ወር ቀድሞ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መበተን ነው።

ድንቹን በተመለከተ ዘንድሮ ተጨማሪ ኖራ አያድርጉ። ድንች መጠነኛ አሲድን ይችላል፤ ፒኤች ከፍ ሲል ግን የድንች እከክ ይበረታል። ድንቹ ከተነሣ በኋላ፣ ከገብስ ወይም ከባቄላ በፊት ይሻላል።

ከአቃቂ፦ የእኔ አፈር ጥቁር መረሬ ነው። ኖራ ልጨምርበት?

በዚያ በኩል ያለው መረሬ ባብዛኛው አሲዳማ አይደለም። ሳያስመረምሩ ኖራ ቢጨምሩ ዚንክና ብረት ለሰብሉ ይታገዱበታል። የመረሬ ችግር ውኃ መቋጠሩ ነው፤ ገንዘቡን ለማጠንፈፊያ ቦይ ያውሉት።

የምድጃ አመድስ?

ለጓሮ ጎመን ጥሩ ነው፤ ፖታሲየምም አለው። አሲድ የማርገብ ኃይሉ ግን ከኖራ ያንሳል፣ ለአንድ ጥማድ የሚበቃ አመድም ከአንድ ቤት አይገኝም። ደረቁን፣ ዝናብ ያልመታውን ይጠቀሙ።