ታርጋውን ያዝና ነገ ተራው ላይ አግኘው

አብሽር ወንድሜ። ኮምቦልቻ ውስጥ በሳይክል ሥራ ስትመላለስ ሚኒባስ በስፖኪዮ ክንድህን መቶህ አለፈ። ደርሰህበት ስትጠይቀው ጭራሽ ሰደበህ። አሁን «ዳግም ካገኘሁት ልግጠመው ወይስ ልተወው?» ነው ያልከው። ሁለቱንም አታድርግ። እኔ እዚሁ ከተማ 14 ዓመት በሳይክል ተመላልሻለሁ። መግጠሙንም መተዉንም አይቻቸዋለሁ።

መግጠሙን ልንገርህ። አንድ አይሱዙ ሲደርብ ወደ ጠርዝ ገፋኝና ከአስፋልቱ ወርጄ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተትኩ። ትንሽ ወረድ ብሎ ከብት መንገድ ዘግቶ ስለነበር ደረስኩበት። ደሜ ፈልቶ ነበርና በሩን በመዳፌ ደጋግሜ መታሁት። ሹፌሩ ሲወርድ ረዳቱ የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ በዚያ በኩል ዞረ። ሰው ተሰበሰበ። ከተሰበሰበው ሰው ውስጥ ስገፋ ያየ አንድም አልነበረም፤ በር ስደበድብ ግን ሁሉም አይቷል። ትራፊክ ሲመጣ ምስክሩ ሁሉ በእኔ ላይ ሆነ። ተበድዬ እኔው ይቅርታ ጠይቄ ሄድኩ። ለሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መተዉም አያዋጣም። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ጀመርኩ። አንድ ባጃጅ ጠዋት ጠዋት እየታከከኝ ያልፋል፤ እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር እሱ ይብስበታል። አንድ ቀን ያለ ፍሬቻ ፊቴ ታጠፈና የፊት ጎማዬ ከጎኑ ተላተመ። ጉልበቴ ተላጠ።

ያን ቀን አልተሳደብኩም። ቆሜ ታርጋውንና የጎን ቁጥሩን ጮክ ብዬ ሁለቴ አነበብኩ፣ ስልኬ ላይ ጻፍኩ፣ ፎቶ አንስቼ መንገዴን ቀጠልኩ። በማግስቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐዩ በርትቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ የሰፈራችንን አንድ ሽማግሌ ይዤ ባጃጆቹ ተራ የሚይዙበት ቦታ ሄድኩ። ተራ አስከባሪው ጠራው። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ሽማግሌውን ሲያይ ብድግ አለ። ሻይ አዘዝን።

«ወላሂ ጋሼ፣ አላየሁዎትም» አለኝ።

አላመንኩትም። «እስቲ ወንበርህ ላይ ልቀመጥ» አልኩት። ሽማግሌው ሳይክሌን ይዘው ከባጃጁ የኋላ ጎማ አጠገብ ቆሙ። የግራው ስፖኪዮ መስታወቱ ወልቆ ባዶ ላስቲኩ ነው የቀረው። የቀኙ፣ ተራ ላይ ተጠጋግተው ሲቆሙ እርስ በርስ እየተጋጩ፣ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ የሚያሳየኝ የራሴን ጉልበት ነው። ለፀሐይ ብሎ በጎን የሰቀለው መጋረጃ ደግሞ የቀረውን ጋርዶታል። አንገቴን ብጠመዝዝ እንኳ ሽማግሌውን ላያቸው አልቻልኩም። ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመው! ልጁ እውነቱን ነበር።

በዚያው ሳምንት መስታወቱን አስገባ፣ መጋረጃውንም ሰብሰብ አደረገው። እስከዛሬ ሲያየኝ አጭር ክላክስ አድርጎ እጁን ያነሳልኛል፤ እዚያ ተራ ላይ ያሉት ጓደኞቹም እኔን ሲያዩ ቀስ ይላሉ። ያንተም ሚኒባስ መስመር አለው፣ ታፔላ አለው፣ ተራ የሚይዝበት ቦታ አለው። ከተማችን ትንሽ ናት። ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ። ሂድና ወረፋ ሲጠብቅ፣ ሳይቸኩል አግኘው። ብቻህን ግን አትሂድ፣ ጎረምሳ ጓደኛም አታስከትል። የሚያከብሩት ትልቅ ሰው ይኑር። እምቢ ብሎ ከተሳደበ ያኔ በያዝከው ታርጋ ወደ ትራፊክ ፖሊስ ሂድ።

ይሄ ሁሉ ጉዳቱ ቀላል ሲሆን ነው። አጥንት ከተሰበረ ወይም ራስህን ከተመታህ ሽምግልናው ይቆይ፤ ትራፊክ ሳይመጣና ሳይመዘገብ ከቦታው አትነሳ፣ መነሳት ካልቻልክም ሰው ይጥራልህ። «ላሳክምህ፣ ስልኬን ያዝ» ብሎ ማታ ስልኩን የሚያጠፋ ብዙ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለእንደዚህ ያለው ጉዳት ነው። መትቶ ላመለጠና ላልተያዘ መኪና እንኳ የመድን ፈንድ አለ፤ ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ በራሱ ኪስ ታክሞ ይቀራል። ይሄ ያናድደኛል።

አነዳድህንም እይ፣ እንደ ወንድም ነው የምልህ። የአስፋልቱን ጠርዝ ሙጭጭ ብለህ አትንዳ። ጠርዝ ስትይዝ ሹፌሩ ቦታ ያለ ይመስለውና ሳይደርብ በጎንህ ሊሾልክ ይሞክራል፤ ክንድህንም ስፖኪዮ ያገኘው በዚህ ይመስለኛል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ በል። ከሚኒባስ ኋላ ስትሆን ደግሞ ጆሮህ ይሥራ። «ወራጅ አለ!» ሲባል ከሰማህ ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ እንደሚገባ ቁጠረው። በቀኙ ልለፍ ካልክ በሩ ፊትህ ላይ ይከፈታል።

ወደ ደሴ ከወጣህ ሐረጎ ዳገት ላይ ይሄ ምክር አይሠራም። እዚያ የሚያልፈው የጭነት መኪና ከሩቅ የመጣ ነው፣ ተራው ላይ አታገኘውም። ጭኖ ቁልቁለቱን የሚወርድ መኪና በማርሽ ይዞት ነው የሚወርደው፤ ላንተ ብሎ ፍሬን ደጋግሞ ከረገጠ ይግልበትና እምቢ ይለዋል። ከኋላህ ስትሰማው ውረድና አሳልፈው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ እኔ ሳይክሌን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ነው የምሄደው። ዳገቱን ሲወጡ የመኪና ኋላ ይዘው የሚጎተቱ ልጆች ካወቅክ ደግሞ ተቆጣቸው። አንድ የተሳቢ ሹፌር ሻይ ቤት ውስጥ ሲነግረኝ፣ ሐረጎን በወጣ ቁጥር ኋላው ላይ ልጅ ተንጠልጥሎ ይሆን እያለ እንደሚሰቃይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው። ሳይክል ሲያይ የሚቆጣው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ክንድህን ግን ዛሬውኑ ታየው። ጣቶችህን ስትጨብጥ ካመመህ ወይም እብጠቱ ካልቀነሰ ራጅ ተነሳ፣ የሐኪሙንም ወረቀት አስቀምጠው።