ታክሲ ውስጥ ልብሽ ለሚመታው እህቴ

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ታክሲ ውስጥ ድንገት ልብሽ እንደሚመታ፣ እጅሽ እንደሚደነዝዝ፣ «አሁን ሞትኩ» እንደሚያሰኝሽ ጽፈሻል። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሁለቴ ተነስተሽ ምንም የለብሽም ተብለሻል። «ታዲያ ላብድ ነው ወይ?» ነው ጥያቄሽ። አይደለም እህቴ። የጻፍሽው ሁሉ ፓኒክ አታክ የሚባለውን፣ ድንገት የሚመጣ ከባድ የፍርሃት ማዕበል፣ ይመስላል፤ በእሱ ደግሞ ሰው አያብድም። ሐኪም አይደለሁም። ግን አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁና ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

እኔን መጀመሪያ የያዘኝ ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ ስሄድ ነው። የኋላ ወንበር ላይ፣ ጥግ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። መስኮቱን «ንፋስ ይመታናል» ብለው ዘግተውታል። ኡራኤል ጋ ስንደርስ ልቤ መደለቅ ጀመረ። ከንፈሬ ነዘረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። መልሴን እንኳን ሳልቀበል ዘልዬ ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር ትንሽ እንደቆምኩ ቀለል አለኝ።

ያ መቅለሉ ነው አራት ዓመት ያስከፈለኝ። ስወርድ ስለቀለለኝ መውረዴ ያዳነኝ መሰለኝ። በሳምንቱ የኋላ ወንበር ተውኩ። ቀጥሎ ታክሲ ተውኩ። ከዚያ የባንክ ወረፋ፣ የለቅሶ ድንኳን። ቅዳሴ እንኳን በር በሩን ይዤ ነበር የምቆመው፣ ቶሎ ለመውጣት። ለሰው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጸበል ወሰደችኝ። ተጠመቅሁ፣ ልቤም ተጽናና፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ታክሲ ላይ መሳፈር ግን አሁንም አልቻልኩም ነበር።

በመጨረሻ ወደ አእምሮ ሐኪም ሄድኩ። ካርድ ሳወጣ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ተከናንቤ ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና የደም ማነስ አስመረመረኝ፤ እነሱም ልብ ያስመታሉ። አንቺም ካልተመረመርሽ ጠይቂ። ከዚያ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ላከኝ።

እሷ እንዲህ አለችኝ፦ «ግቢሽ ውስጥ ጠባቂ ውሻ አለ እንበል። ውሻው ጤነኛ ነው፤ ግን ጎረቤትሽንም እንደ ሌባ ይጮህበታል። በጮኸ ቁጥር አጥር ዘለሽ ከሸሸሽ፣ ውሻው እውነትም ሌባ ነበር ብሎ ያምናል። ነገ የባሰ ይጮሃል።» ይሄ ገባኝ። ከታክሲ በወረድኩ ቁጥር ውሻውን «ልክ ነህ» እያልኩት ነበር።

ሰውነትሽ ላይ የሚሆነውን ማወቅም ይጠቅማል። ስትደነግጪ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ደምሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። መደንዘዙም ማዞሩም የሚመጣው በአብዛኛው ከዚያ ነው። ስለዚህ አጠገብሽ ያለ ሰው «አየር ሳቢ፣ በደንብ ሳቢ» ሲልሽ አትስሚው፤ ይብስብሻል። ይልቅ ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ ከምታስገቢው አስረዝመሽ። እወድቃለሁ ብለሽም ትፈሪ ይሆናል። ሰው ራሱን የሚስተው ብዙ ጊዜ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው። ፓኒክ ላይ ግን ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ለዚህ ነው መውደቁ እምብዛም የማይታየው። አብዛኛውን ጊዜም ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ጫፉ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ዴቪድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1986 እ.ኤ.አ. የጻፈውን ነግራኛለች፦ ፓኒኩን የሚያቀጣጥለው የልብ ምቱ ራሱ ሳይሆን፣ ምቱን «ሞት መጣ» ብለን መተርጎማችን ነው።

ከዚያ ሥራ ሰጠችኝ። ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ በሩጫ አስወጣችኝ። የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ አስቀምጣ አዞረችኝ። ልቤ ሲመታ፣ ራሴን ሲያዞረኝ፣ ምንም ሳላደርግ እንድቀመጥ ነው። ልብሽ ደህና መሆኑን ሐኪም ሳያረጋግጥ ይህን ብቻሽን አትሞክሪው። ቀጥሎ ታክሲው መጣ። መጀመሪያ አንድ ፌርማታ ከእህቴ ጋር፣ ከዚያ አንድ ፌርማታ ብቻዬን፣ ከዚያ ሁለት።

አንድ ቀን ያው መንገድ ላይ፣ ያው የኋላ ጥግ ላይ ተቀምጬ ኡራኤል ጋ ያዘኝ። «ወራጅ» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ «ይምጣ» አልኩ። መጣ፣ ጨመረ፣ አላበኝ፣ አለቀስኩም። አጠገቤ ያሉ እናት ሶፍት ሰጡኝ። ሃያ ሁለት ስንደርስ ልቤ ራሱ በራሱ ወርዶ ነበር። መገናኛ ደርሼ ወረድኩ። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ይዞኛል፣ ግን ያን ቀን ያየሁትን ማንም ሊያስረሳኝ አልቻለም።

መድኃኒትም ወስጃለሁ፣ ፍሉኦክሰቲን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጭራሽ ረበሸኝ፤ ለውጡን ያየሁት ወር ከሞላኝ በኋላ ነው። ሐኪሙ ቀድሞ ባይነግረኝ ኖሮ እተወው ነበር። ስጨርስም ቀስ በቀስ ያስቀነሰኝ እሱ ነው። ዲያዜፓም ግን ከጎረቤት ተቀብለሽ እንዳትውጪ፣ አደራ። ለጊዜው ያረጋጋል፤ ሲቆይ ግን ሱስ ይሆናል።

ቡናም አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱንም እጠጣ ነበር፤ አሁን አቦል ላይ አቆማለሁ። ለአንዳንዶቻችን ካፌይን ልብ ያስመታል፣ ምቱ ደግሞ ፍርሃቱን ይጠራል።

ኢሲጂሽ ደህና ቢሆንም ዳገት ስትወጪ ደረትሽን የሚጨመድድሽ ከሆነ፣ ወይም በእርግጥ ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ፣ ተመልሰሽ ታዪ። ለአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው፤ በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ክፍሉ አለ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አብሬሽ ሄጄ ካርድ እናወጣለን። እስከዚያ ከቤትሽ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ንገሪኝ፣ ከእሱ እንጀምራለን።