አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀበት ሩጫ፦ ስለ ጉቢዮ ጠየቃችሁ፣ መለስሁ

በመካከለኛው ጣልያን፣ በኡምብርያ ክፍለ ሀገር፣ ከኢንጂኖ ተራራ ግርጌ ጉቢዮ የምትባል ሠላሳ ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት ከተማ አለች። ለትምህርት ወደ ፔሩጂያ ከመጣሁ ወዲህ ብዙ ግንቦቶችን እዚያ አሳልፌአለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ጠየቃችሁ።

ጥያቄ፦ ማን እንደሚቀድም አስቀድሞ የታወቀ ሩጫ አላቸው ይባላል። ታዲያ ምኑ ነው ሩጫ?

ይህን የማይጠይቅ እንግዳ የለም፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ጠይቄ ተስቆብኛል። «ኮርሳ ዴይ ቼሪ» ይባላል። የሚካሄደው በየዓመቱ ሜይ 15፣ በእኛ ግንቦት 7፣ በከተማዋ ጠባቂ በቅዱስ ኡባልዶ በዓል ዋዜማ ነው። «ቼሪ» ጧፎች ማለት ቢሆንም ሰም የሚባል ነገር የላቸውም። እያንዳንዳቸው አራት ሜትር ገደማ ቁመትና 300 ኪሎ ያህል ክብደት ያላቸው ሦስት የእንጨት ዓምዶች ናቸው። በአናታቸው ላይ የቅዱሳን ትንንሽ ሐውልቶች ይቆማሉ፦ ኡባልዶ የግንበኞች፣ ጊዮርጊስ የነጋዴዎች፣ እንጦንስ የገበሬዎች።

እኩለ ቀን ላይ ዓምዶቹ በትልቁ አደባባይ ይቆማሉ። የእያንዳንዱ ቡድን አዛዥ ከላይ ሆኖ ዓምዱ ከቃሬዛው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ከማሰሮ ውሃ ያፈስና ማሰሮውን ወደ ሕዝቡ ይወረውረዋል። ሰዉ ለስባሪው ይራኮታል፤ ገል ያገኘ ዓመቱ ይቀናዋል ይላሉ። የአዛዡ ማዕረግ «ካፖዲዬቺ» ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ የእኛው አሥር አለቃ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሩጫው ይጀመራል። ቀጥ ብሎ የቆመውን ዓምድ ተሸክመው፣ እየተቀያየሩ፣ በጠባቦቹ የድንጋይ ጎዳናዎች ይከንፋሉ፤ ከዚያም ተራራው ላይ እስካለው ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። መንገዱ ከአራት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኡባልዶ ፊት፣ ጊዮርጊስ መካከል፣ እንጦንስ ኋላ፤ ይህ ተራ አይለወጥም፣ የሚቀድምም የለም። ፉክክሩ ዓምዱን ሳይጥሉ፣ ሳያዘነብሉ፣ ከፊተኛው ሳይርቁ መድረስ ነው። የኡባልዶ ሰዎች ደግሞ ቀድመው ገብተው በሩን በጊዮርጊስ ላይ ለመዝጋት ይጣጣራሉ። ተዘጋ አልተዘጋ የሚለው ሙግት እስከሚቀጥለው ግንቦት ያዘልቃል። ዓምዳቸው የወደቀባቸው ጎልማሶች ግድግዳ ተደግፈው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ያን ያየ ሰው ምኑ ነው ሩጫ ብሎ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ እንጦንስ ያሉት የእኛውን አባ እንጦንስን ነው?

አዎን፣ ግብጻዊውን የመነኮሳት አባት ነው። እነርሱ ጃንዋሪ 17 ያከብሯቸዋል፤ እኛ ጥር 22። በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ሲሰላ ቀኑ አንድ ነው። በጣልያን ገጠር የቤት እንስሳት ጠባቂ ስለሆኑ ለገበሬዎች መድረሳቸው አያስገርምም። የእርሳቸው ተሸካሚዎች ጥቁር፣ የጊዮርጊስ ሰማያዊ፣ የኡባልዶ ቢጫ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ ሱሪው የሁሉም ነጭ፣ መቀነቱም የሁሉም ቀይ ነው።

ጥያቄ፦ ኡባልዶስ ማን ናቸው? ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም።

የከተማዋ ጳጳስ ነበሩ። በ1155 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ከተማዋን እንዳያጠፋ ለምነው አስመለሱት ይባላል። በ1160 ሜይ 16 ዐረፉ፤ በ1192 ቅድስናቸው ታወጀ። አስከሬናቸው ዛሬም ተራራው ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይታያል። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በዓሉ ከክርስትና በፊት የነበረ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

የሚሉት ከሰባቱ የነሐስ ሰሌዳዎች ተነሥተው ነው። ሰሌዳዎቹ በ1444 ተገኙ፤ በ1456 ከተማዋ ገዛቻቸው፤ አሁን ኮንሶሊ በተባለው ቤተ መንግሥት አሉ። የተጻፉት ከሞተ ብዙ ዘመን በሆነው የኡምብርያ ቋንቋ ነው። ከፊሉ በራሱ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከፊሉ በላቲን ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በወፎች በረራ ስለሚነበብ ገድ፣ በከተማዋ በሮች ስለሚቀርብ የበሬና የአሳማ መሥዋዕት ይናገራሉ። የዚያ ቋንቋ ዕውቀታችን አብዛኛው ከእነዚህ ሰባት ሰሌዳዎች የተገኘ ነው። ሩጫውን ከዚያ የሚያወርዱት ሰዎች እኔን አያሳምኑኝም፤ ለቅዱሱ ይቀርብ ከነበረው የሰም መባ አደገ የሚለው ይበልጥ ይዋጥልኛል። ግን ይህን ጉቢዮ ውስጥ ጮክ ብዬ አልናገርም።

ጥያቄ፦ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ተኩላ ያስታረቁት እዚያ ነው?

እዚያው ነው። ሰው ይበላ የነበረውን ተኩላ ገሥጸው፣ ሕዝቡ ሊቀልበው፣ እርሱም ላይተናኮል አማማሉት፤ ተኩላውም እግሩን በእጃቸው ላይ አኖረ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋር ተሥለው እያየን ላደግን ሰዎች ታሪኩ እንግዳ አይደለም። ተኩላው ተቀበረበት በሚባለው ቦታ የግንበኞች ቤተ ክርስቲያን ቆሟል።

ጥያቄ፦ የእብደት የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድም እውነትም ነው። ባርጄሎ ከሚባለው ሕንጻ ፊት ያለውን ፏፏቴ ሦስት ጊዜ ሮጠው ከዞሩና የከተማው ተወላጅ ውሃ ከረጨዎት «የእብድ ፈቃድ» ይሰጥዎታል። እኔ አለኝ። እናቴ አልሳቀችም።

ጥያቄ፦ እኔ ጣልያን ሲባል የካቲት 12 ነው የሚታወሰኝ። የእነርሱን ጭፈራ ለምን ትነግረናለህ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሆነውን ማንም ሊያስረሳን አይገባም፤ ብዙ ጣልያኖች ዛሬም አያውቁትም፤ ባገኘሁ ቁጥር እነግራቸዋለሁ። ጉቢዮም የራሷ ቁስል አላት፤ ጁን 22 ቀን 1944 የጀርመን ወታደሮች ለበቀል አርባ ሲቪሎችን ረሽነዋል፤ በቦታው መታሰቢያ ተሠርቷል። ሁለቱን አላመዛዝንም። ግን ስለ የካቲት 12 ረጋ ብለው ያዳመጡኝ ሰዎች ከዚያ መታሰቢያ ፊት ያገኘኋቸው ነበሩ።

ጥያቄ፦ ልሄድ አስቤአለሁ። ምን ልዘጋጅ? ምንስ ይበላል?

ባቡር ከተማዋ አይገባም፤ በሮም–አንኮና መስመር ፎሳቶ ዲ ቪኮ ወርደው አውቶቡስ ይያዙ። በበዓሉ ቀን ጠባቡ ጎዳና ላይ አይቁሙ፤ 300 ኪሎ ሲመጣ የሚሸሹበት የለም። «ክሬሻ» የሚሉት ቂጣ በጋለ ምጣድ ላይ የሚጋገር ስለሆነ ሆድዎ አይከፋም። በዓሉ ዋዜማ በመሆኑ ማዕዱ ሥጋ የለበትም፤ የደረቀ ጨው ዓሣ ነው የሚቀርበው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ነው። እዚህ ተመሳሳይ ነገር አየሁ ልበል?

በትክክል አይተዋል። ጄሰፕ ትባላለች። ለከሰል ማዕድን ሥራ የተሰደዱ የጉቢዮ ሰዎች ሦስቱን ቅዱሳን ይዘው ሄዱ፤ በሜይ መጨረሻ እዚያም ይሮጣሉ። እዚያም ኡባልዶ ነው የሚቀድመው።